በፍሪሲያን ከብቶች በዘር ስለሚተላለፍ የደም አለመርጋት ችግር

መግቢያ

ጥጃ ቀንዱ ሲቆረጥ ወይም ወይፈን ሲኮላሽ ደሙ አልቆም ቢል ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በሠራተኛው እጅ ይሳበባል። ይሁንና ችግሩ ከወላጆች የተወረሰ ሊሆን ይችላል። በንጹሕ ዝርያ ውሾች፣ ለምሳሌ በዶበርማን፣ ይህን የመሰለ ጉድለት በሰፊው ይታወቃል። ዝርያውን በንጽሕና ለመጠበቅ ዘመዳሞች ሲዳቀሉ የተሰወረው ጉድለት ከሁለቱም ወገን ይገናኛል። በሆልስታይን ፍሪሲያን ከብቶችም ፋክተር 11 የተባለው ደም እንዲረጋ የሚረዳ ፕሮቲን እጥረት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት ተገልጿል። የዚህ ዝርያ ዘር በአገራችንም ለማዳቀል ስለሚውል የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት ሊያውቁት የሚገባውን ከዚህ በታች እናቀርባለን።

አወራረሱ

ጉድለቱ የሚገለጠው ጥጃው ከአባቱም ከእናቱም ሲወርሰው ነው። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ከብት «ተሸካሚ» ይባላል፤ ሲታይ ጤነኛ ነው። ሁለት ተሸካሚዎች ቢዳቀሉ ከ4 ጥጆች በአማካይ 1 ሕመምተኛ፣ 2 ተሸካሚ፣ 1 ነጻ ይሆናሉ። ተሸካሚ ኮርማ ከነጻ ላሞች ጋር ቢዳቀል ሕመምተኛ አይወለድም፤ ግማሾቹ ጥጆች ግን ተሸካሚዎች ይሆናሉ። ያው ኮርማ ተመልሶ የገዛ ልጆቹን ቢያጠቃ በአማካይ ከ8 ጥጆች 1 ሕመምተኛ ይሆናል። አንድን ኮርማ ለብዙ ዓመታት በአንድ መንጋ ውስጥ ማቆየት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ምልክቶቹ

ሀ. አዲስ በተወለደ ጥጃ እትብት ደም ለረዥም ጊዜ መፍሰስ፤
ለ. መርፌ በተወጋበት ቦታ መድማት ወይም ደም ቋጥሮ ማበጥ፤
ሐ. ቀንድ ከተቆረጠ ወይም ከተኮላሸ በኋላ ደም አለመቆም፤
መ. የላሚቱ እንገር በደም መቅላት።

አንዳንድ ሕመምተኞች ምንም ምልክት ሳያሳዩ ይኖራሉ። በሌላ በኩል የአይጥ መርዝ የበላ ከብትም ይደማል። በድንገት ሞቶ ከአፍ፣ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣ ደም የሚፈሰው ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል በድኑ ፈጽሞ አይከፈት፤ ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

ምን ይደረግ?

1. በእያንዳንዱ ማዳቀል የኮርማው ቁጥር፣ የላሚቱ ስምና ቀኑ ይመዝገብ።
2. ኮርማው ሴት ልጆቹ ለጥቂ ከመድረሳቸው በፊት ይለወጥ። ተተኪው የእርሱ ልጅ ወይም ወንድም አይሁን።
3. ጥጃ ቢደማ ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ፤ ሐኪም ይጠራ። ሐኪም ሳያየው ሌላ ቀዶ ጥገና አይደረግበት።
4. ችግሩ በምርመራ ከተረጋገጠ ጥጃው ለርቢ አይዋል፤ አባቱም ከማዳቀል ይውጣ። እናቲቱ ወተቷን እየሰጠች ልትቆይ ትችላለች፤ ነገር ግን ተመርምሮ ነጻ በሆነ ኮርማ ብቻ ትዳቀል።
5. ለውጡ ያለበት የዘር ቅንጣት እ.ኤ.አ. በ2004 ስለታወቀ ተሸካሚን በደም፣ በጸጉር ወይም በኮርማ ዘር ምርመራ መለየት ይቻላል። ኮርማ ወይም ዘር ሲገዛ የምርመራ ማስረጃ ይጠየቅ።

የኮርማው ቁጥር ካልተመዘገበ የሞተው ጥጃ አባት አይታወቅም፤ ጉድለቱም በመንጋው ውስጥ ይሰራጫል። ስለዚህ ማኅበራት የርቢ መዝገባቸውን ዛሬውኑ እንዲጀምሩ አደራ እንላለን።