ከፍተኛ አቅም ያለውን የቤንዚን ሞተር ወደ ኤታኖል መለወጥ፦ የጉልበቱ ምንጭና የለውጡ ቅድመ ሁኔታዎች

አጠቃሎ

ኤታኖል በአንድ ሊትር የሚይዘው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ያህል ያንሳል። ያም ሆኖ በተርቦ የታገዙ ሞተሮች ወደ ኤታኖል ሲለወጡ የሚሰጡት ጉልበት ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ ተቃርኖ የሚመስለውን ይህን ውጤት ከነዳጁ ጠባያት ተነሥቶ ያብራራል፤ ለውጡ የሚጠይቀውን የነዳጅ አቅርቦትም በስሌት ያሳያል። የትንተናው ፍሬ ነገር፣ ጭማሪው የሚገኘው ነዳጁ ከሚሸከመው ኃይል ሳይሆን ሞተሩ ያለ ጉዳት እንዲሠራ ከሚፈቅድለት ከፍ ያለ ግፊትና የቀደመ ብልጭታ መሆኑ ነው። ስለዚህ አቅርቦቱና መቆጣጠሪያው ሳይለወጡ ነዳጁን ብቻ መለወጥ ጉልበት አይጨምርም፤ ሞተሩንም ለጉዳት ያጋልጣል።

ቁልፍ ቃላት፦ ኤታኖል፣ ኢ85፣ ተርቦ፣ ኖኪንግ፣ የአየርና ነዳጅ ምጥጥን

1. መግቢያ

ኤታኖል ለመኪና ሞተር አዲስ ነዳጅ አይደለም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1979 በኤታኖል ብቻ የሚሠራውን ፊያት 147 ለገበያ አቅርባለች፤ በ2003 ደግሞ ቤንዚንና ኤታኖልን በማናቸውም መጠን ቀላቅሎ የሚጠቀመው ቮልስዋገን ጎል ተከትሏል። በእሽቅድምድሙ ዓለም የአሜሪካው ኢንዲካር ውድድር በ2007 ከሜታኖል ወደ ኤታኖል ተሸጋግሯል። በዚያው ዓመት የስዊድኑ ኮኒግሰግ ይፋ ያደረገው ሲሲኤክስአር ጉዳዩን በጉልህ ያሳያል። መሠረቱ የሆነው ሲሲኤክስ በቤንዚን 806 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ ለኢ85 የተዘጋጀው ሲሲኤክስአር 1018 ሰጥቷል።

ኢ85 የሚባለው በአብዛኛው ኤታኖል ሆኖ ቀሪው ቤንዚን የሆነ ቅልቅል ነው። በመኪና አቅም አሻሻዮች ዘንድ ተፈላጊ ያደረገው ከውድድር ቤንዚን ባነሰ ዋጋ ተቀራራቢ ጥቅም መስጠቱ ነው። ይሁን እንጂ ጥቅሙ ከየት እንደሚመነጭ በትክክል ያልተረዳ ለውጥ ብዙውን ጊዜ የሚጠናቀቀው በተበላሸ ሞተር ነው።

2. የጉልበቱ ምንጭ

አንድ ኪሎ ግራም ኤታኖል ሲቃጠል ወደ 26.8 ሜጋ ጁል፣ አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን ደግሞ ወደ 43 ሜጋ ጁል ሙቀት ይሰጣል። ነገር ግን የሞተርን ጉልበት የሚወስነው በሰልባትዮው ያለው ነዳጅ ሳይሆን ሲሊንደሩ ሊስበው የሚችለው አየር ነው። ለተሟላ ቃጠሎ አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 14.7 ኪሎ ግራም አየር ሲፈልግ፣ ኤታኖል የራሱን ኦክስጅን በውስጡ ስለሚይዝ 9 ኪሎ ግራም አየር ይበቃዋል። ሙቀቱ ለአየሩ ሲካፈል ቤንዚን በአንድ ኪሎ ግራም አየር 2.93፣ ኤታኖል 2.98 ሜጋ ጁል ይሰጣል። ልዩነቱ ከ2 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ ከሲሲኤክስ ወደ ሲሲኤክስአር የታየውን የ26 በመቶ ጭማሪ በነዳጁ ኃይል ብቻ ማብራራት አይቻልም።

እውነተኛው ልዩነት የሚገኘው በሁለት ሌሎች ጠባያት ነው። የመጀመሪያው ማቀዝቀዝ ነው። ኤታኖል ወደ ትነት ሲለወጥ በኪሎ ግራም 900 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይስባል፤ ቤንዚን 350 ያህል። ኤታኖል ለተመሳሳይ አየር በብዛት ስለሚረጭ ልዩነቱ የበለጠ ይሰፋል። በአንድ ኪሎ ግራም አየር ሲሰላ ኤታኖል 100፣ ቤንዚን 24 ኪሎ ጁል ሙቀት ይወስዳል፤ ይህም ከአራት እጥፍ በላይ ነው። በተግባር ከነዳጁ ከፊሉ የሚተነው ከማስገቢያው ግድግዳና ከቫልቩ ላይ ሙቀት ወስዶ ስለሆነ አየሩ የሚቀዘቅዘው በስሌቱ ልክ አይደለም። ነዳጁ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር በሚረጭባቸው ሞተሮች ግን የአየሩ ድርሻ ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ጠባይ ኖኪንግን መቋቋም ነው። ኖኪንግ የሚከሰተው ብልጭታው ያስነሣው ነበልባል ሳይደርስበት ቀሪው ቅልቅል በግፊትና በሙቀት ብዛት በራሱ ሲቀጣጠል ነው። የሚፈጠረው የግፊት ድንጋጤ ፒስተንንና የፒስተን ቀለበትን ይሰብራል። የኤታኖል የምርምር ኦክቴን ቁጥር 109 ገደማ ሲሆን፣ በየማደያው ከሚሸጠው ቤንዚን በእጅጉ ይበልጣል። በቤንዚን የሚሠራ ባለ ተርቦ ሞተር ከኖኪንግ ለመሸሽ ብልጭታውን ያዘገያል፤ በዚህም ከፍተኛውን የጉልበት ነጥብ ሳይደርስበት ይቀራል። በኤታኖል ብልጭታው ወደዚያ ነጥብ ሊቀድም፣ የተርቦው ግፊትም ከፍ ሊል ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ግልጽ ነው። ተርቦ የሌለውና የእመቃ ምጥጥኑ ዝቅተኛ የሆነ ሞተር ቀድሞውኑ ኖኪንግ የማያግደው ስለሆነ ከኤታኖል የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ተጠቃሚው በኖኪንግ ተገድቦ የኖረው ሞተር ነው።

3. የነዳጅ አቅርቦት ስሌት

ለአብነት 220 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 300 የፈረስ ጉልበት ያህል የሚሰጥ ባለ አራት ሲሊንደር የተርቦ ሞተር ይወሰድ። ለእንዲህ ዓይነት ሞተር በሙሉ ጭነት በኪሎ ዋት ሰዓት 335 ግራም ቤንዚን ወይም 470 ግራም ኢ85 ፍጆታ መገመት የተለመደ ነው። በቤንዚን ፍጆታው በሰዓት 73.7 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 99 ሊትር ያህል ይሆናል። ይህ ለአራቱ ኢንጀክተሮች ሲካፈል ለእያንዳንዱ በደቂቃ 412 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ኢንጀክተር ከመክፈቻ ጊዜው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሠራ ከተፈለገ 515 ሚሊ ሊትር የሚያሳልፍ ያስፈልጋል።

በኢ85 ፍጆታው በሰዓት 103.4 ኪሎ ግራም ወይም 133 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የኢንጀክተሩ መጠን ወደ 690 ሚሊ ሊትር ያድጋል። ስሌቱ ጉልበቱ ባለበት ሲቆይ ነው፤ ጉልበቱ በ20 በመቶ እንዲጨምር ከታቀደ የሚያስፈልገው ኢንጀክተር 830 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል።

ከኢንጀክተሩ በላይ የሚዘነጋው ፓምፑ ነው። የፓምፕ አቅም የሚገለጸው በተወሰነ ግፊትና ቮልቴጅ ነው። የተርቦው ግፊት በጨመረ ቁጥር የነዳጁ ግፊትም አብሮ መጨመር ስላለበት ፓምፑ የሚያሳልፈው መጠን ይቀንሳል፤ ማለትም ብዙ ነዳጅ በሚፈለግበት ቅጽበት አቅሙ ያንሳል። በመሆኑም ፓምፑ የሚመረጠው በነጻ ፍሰቱ ሳይሆን በከፍተኛው ግፊት በሚሰጠው መጠን ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውም ተጨማሪውን ጭነት እንዲሸከም ይወፍራል።

4. ከኤታኖል ጋር የሚስማሙ ክፍሎች

ኤታኖል እርጥበት ይስባል፤ ከቤንዚን ይልቅም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሁለቱ ጠባያት ተደጋግፈው ማግኒዚየምን፣ ዚንክን፣ በእርሳስ የተለበጠ ብረትንና ያልተለበጠ አሉሚኒየምን ያዝጋሉ። የተፈጥሮ ጎማና ቡሽም ያብጣሉ ወይም ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ቱቦዎች ከቴፍሎን ወይም ከማይዝግ ብረት፣ የመጋጠሚያ ቀለበቶች ከፍሎሮካርቦን ጎማ ቢሆኑ ይመረጣል። በአሮጌ ሰልባትዮ የተጠራቀመን ዝቃጭ ኤታኖል አሟሙቶ ስለሚያንቀሳቅስ ከለውጡ ጥቂት ጊዜ በኋላ የነዳጅ ፊልትሮ መለወጥ ያስፈልጋል። መኪናው ለወራት የሚቆም ከሆነ ኢ85ን በሰልባትዮው ውስጥ ማቆየት አይመከርም።

5. ተለዋዋጭ ቅልቅልና መቆጣጠሪያው

በአሜሪካ ደረጃ መሠረት ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው ነዳጅ የኤታኖል መጠን ከ51 እስከ 83 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ በክረምት ሞተር በቀላሉ እንዲነሣ የቤንዚኑ ድርሻ ይጨምራል። ስሙ አንድ ሆኖ ይዘቱ በየወቅቱ ይለያያል ማለት ነው።

የስሕተቱ መዘዝ በሁለት አቅጣጫ ይታያል። ለቤንዚን የተስተካከለ ሞተር ኢ85 ቢሞላበት፣ ቅልቅሉ ከሚረጨው በላይ 43 በመቶ ያህል ተጨማሪ ነዳጅ ያስፈልገዋል። በቀላል ጭነት የኦክስጅን ሴንሰሩ የተወሰነውን ያርመው ይሆናል። በሙሉ ጭነት ግን ለላምዳ 0.80 የታቀደው ቅልቅል ወደ 1.14 ይሄዳል፤ ሞተሩ ጉልበት ባስፈለገው ሰዓት በነዳጅ እጦት ይንተፋተፋል፣ ይሞቃልም። በአንጻሩ ለኢ85 የተስተካከለ ሞተር ቤንዚን ቢሞላበት ነዳጅ ይበዛዋል፤ አደጋው ግን ከብልጭታው ይመጣል። ለኤታኖል የተቀደመው ብልጭታና ከፍ ያለው ግፊት ለቤንዚን ከልክ ያለፉ ስለሆኑ በሰከንዶች ውስጥ ኖኪንግ ሊደርስ ይችላል።

መፍትሔው በነዳጅ መስመሩ ላይ የሚገጠም የኤታኖል ሴንሰር ነው። በስፋት የተለመደው ዓይነት መረጃውን በድግግሞሽ ይልካል፦ 50 ኸርዝ ኤታኖል የሌለበትን፣ 150 ኸርዝ ንጹሕ ኤታኖልን ያመለክታል። የሞተሩ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር አንድ የቤንዚንና አንድ የኤታኖል ሠንጠረዥ ይይዛል፤ በሴንሰሩ ንባብ መሠረትም የነዳጁን መጠን፣ የብልጭታውን ጊዜና የተርቦውን ግፊት በሁለቱ መካከል ያመጣጥናል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2017 የፈቀደቻቸው የመለወጫ ሣጥኖች በዋነኛነት የመርጨቻ ጊዜን የሚያስተካክሉ በመሆናቸው ዓላማቸው ርካሽ ነዳጅን መጠቀም ነው፤ የጉልበት ጭማሪ ግን ሦስቱም በአንድነት እንዲታረሙ ይጠይቃል።

6. ቀዝቃዛ አነሣስና የሞተር ዘይት

ቤንዚን በብርድም የሚተኑ ቀላል ውሁዶች ሲኖሩት፣ ንጹሕ ኤታኖል ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚቀጣጠል በቂ ትነት አይሰጥም። የብራዚል የኤታኖል መኪኖች ለዚህ ሲባል ለማስነሻ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ የቤንዚን መያዣ ነበራቸው። ሞተሩ እስኪሞቅ የሚረጨው ብዙ ነዳጅ ሳይተን ወደ ዘይቱ ስለሚወርድ፣ አጫጭር ጉዞ የሚያዘወትር መኪና የዘይት መለወጫ ጊዜው ሊያጥር ይገባል።

7. የከፍታ ቦታዎች ጉዳይ

ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ በምትለው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። በማስገቢያው 200 ኪሎ ፓስካል ለማግኘት በባሕር ወለል 1.98 እጥፍ ማመቅ ሲበቃ፣ በዚህ ከፍታ 2.6 እጥፍ ያስፈልጋል። የተርቦው ብቃት 70 በመቶ፣ የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ከተርቦው የሚወጣው አየር በመጀመሪያው 110፣ በሁለተኛው 151 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ የኤታኖል የማቀዝቀዝ ጠባይ በደጋ ላለ ባለ ተርቦ ሞተር የበለጠ ዋጋ አለው።

ይህ ግን ከዝቅተኛ ቅልቅል ጋር መምታታት የለበትም። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ተጀምሮ በ2011 ወደ 10 በመቶ ያደገው የኤታኖልና ቤንዚን ቅልቅል ለተሟላ ቃጠሎ የሚፈልገው ምጥጥን ወደ 14.1 ገደማ ነው። ይህን ልዩነት የኦክስጅን ሴንሰር ያለው መኪና በራሱ ያርመዋል። በ10 በመቶ ቅልቅል ያለ ችግር መሠራቱ ለኢ85 ዝግጁነት ማስረጃ አይሆንም።

8. ማጠቃለያ

ኤታኖል ለሞተር ጉልበት አይሰጠውም፤ ጉልበት እንዳያወጣ ያገደውን ገደብ ያነሣለታል። ገደቡ ሲነሣ ግፊቱና ብልጭታው ካልተስተካከሉ ትርፍ የለም፤ ግፊቱና ብልጭታው ተስተካክለው አቅርቦቱ ካልተመጠነ ደግሞ ጉዳት ይከተላል። ከዚህ የሚመነጨው የሥራ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ በመጀመሪያ ሞተሩ በኖኪንግ የተገደበ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያ ኢንጀክተርና ፓምፕን በስሌት መምረጥ፣ የማይስማሙ ክፍሎችን መለወጥ፣ የኤታኖል ሴንሰር መግጠም፣ በመጨረሻም ብልጭታውንና ግፊቱን በልኬት እየተከታተሉ ከፍ ማድረግ። የመጨረሻውን ደረጃ ማስቀደም ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።