አሮጌው የባሕር መሣሪያ ከአዲሱ ጋር እንዴት ይነጋገራል?

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1995 ምሽት ላይ 1,509 ሰዎችን አሳፍራ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ትጓዝ የነበረችው «ሮያል ማጀስቲ» የተባለች መርከብ፣ በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በናንታኬት ደሴት አቅራቢያ ከአሸዋ ክምር ላይ ወጥታ ቆመች። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ይሁን እንጂ መርከቧ በዚያች ሰዓት ልትገኝበት ይገባ ከነበረው ሥፍራ 17 ማይል ያህል ርቃ ነበር።

የአደጋው መነሻ ቀላል ነው። መርከቧ ከወደብ ከተነሣች ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያዋ የአንቴና ኬብል ተነቀለ። መቀበያው ከሳተላይት የሚያገኘው ምልክት ሲቋረጥበት፣ ቦታውን ከፍጥነትና ከአቅጣጫ ብቻ እየገመተ መላኩን ቀጠለ። በሚልከው መልእክት ውስጥ «ይህ ቦታ የተረጋገጠ አይደለም» የሚል ምልክት ነበረበት። መርከቧን ይመራ የነበረው ራስ ነጂ መሣሪያ ግን ያንን ምልክት እንዲያነብ ሆኖ አልተሠራም ነበር። ስለዚህ ከ30 ሰዓታት በላይ ግምቱን እንደ እውነት ተቀብሎ ነዳት።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ ሁለት መሣሪያዎች በሽቦ መገናኘታቸው ብቻ ተግባብተዋል ለማለት እንደማያበቃ ነው። ይኸው ጉዳይ በትንንሽ ጀልባዎችም ላይ ይከሠታል። አንድ የጀልባ ባለቤት አዲስ የኤሌክትሮኒክስ የባሕር ካርታ ማሳያ (ቻርት ፕሎተር) ሲገዛ፣ ለዓመታት ያገለገሉትን የጥልቀት መለኪያና የጂ.ፒ.ኤስ. መቀበያ ሊጥላቸው አይፈልግም። በዚህ ጽሑፍ አሮጌዎቹን መሣሪያዎች ከአዲሱ ጋር የማገናኘቱ ሥራ በምን ሳይንሳዊ መሠረት ላይ እንደቆመ እንመለከታለን።

ሁለት ቋንቋዎች

በአሜሪካ የሚገኘው ብሔራዊ የባሕር ኤሌክትሮኒክስ ማኅበር፣ በምሕጻረ ቃል ኤን.ኤም.ኢ.ኤ.፣ እ.ኤ.አ. በ1983 «ኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 0183» የተባለውን ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት በአንድ የሽቦ ጥንድ ላይ «ተናጋሪ» የሚሆነው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው፤ «አድማጮች» ግን ብዙ ሊሆኑ ይችላሉ። የተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 4,800 ቢት ነው። እያንዳንዱ ፊደል ከመነሻና ከመድረሻ ምልክቱ ጋር 10 ቢት ስለሚወስድ፣ በሴኮንድ የሚያልፉት ፊደላት 480 ብቻ ናቸው። የአንድ መልእክት ርዝመት እስከ 82 ፊደላት ሊደርስ ስለሚችል፣ በዚህ ርዝመት በአንድ ሴኮንድ ስድስት ሙሉ መልእክት እንኳ አያልፍም። የሌሎች መርከቦችን ማንነትና ቦታ የሚያሳውቀው ኤ.አይ.ኤስ. የተባለው መሣሪያ ብዙ መልእክት ስላለው በሴኮንድ 38,400 ቢት ይጠቀማል።

ከዚህ በኋላ የመጣው «ኤን.ኤም.ኢ.ኤ. 2000» በባሕርዩ የተለየ ነው። መሠረቱ ካን የተሰኘው፣ ቦሽ ኩባንያ በመጀመሪያ ለመኪናዎች የሠራው የመገናኛ ዘዴ ነው። በዚህ ሥርዓት ሁሉም መሣሪያዎች በአንድ የጋራ መሥመር ላይ ተሰክተው፣ በሴኮንድ 250,000 ቢት ፍጥነት ተራ እየጠበቁ ይነጋገራሉ። ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ መናገር ቢጀምሩ ቅድሚያ ያለው መልእክት ያልፋል፤ ሌላው ይጠብቃል። አሮጌውን ከጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ሰው ብቻ ከሚናገርበት ንግግር ጋር፣ አዲሱን ደግሞ ሥርዓት ካለው ሸንጎ ጋር ልናመሳስላቸው እንችላለን።

የአንድ መልእክት አካላት

የአሮጌውን ቋንቋ አንድ መልእክት እንውሰድ። መሣሪያው የሚጠቀመው የላቲን ፊደላትን ቢሆንም፣ በእኛ ፊደል ስንጽፈው የሚከተለውን ይመስላል፦

$ኤስ-ዲ-ዲ-ቢ-ቲ, 9.8, ኤፍ, 3.0, ኤም, 1.6, ኤፍ *

የ$ ምልክት የመልእክቱ መጀመሪያ ነው። «ኤስ-ዲ» ተናጋሪው የጥልቀት መለኪያ መሆኑን ይገልጻል። «ዲ-ቢ-ቲ» ደግሞ ቁጥሩ ከትራንስዱሰሩ፣ ማለትም ድምፅ ከሚልከውና ከሚቀበለው አካል፣ በታች ያለው ጥልቀት መሆኑን ያመለክታል። ከዚያ ያው አንድ ጥልቀት በሦስት መለኪያዎች ይሰጣል፤ 9.8 ጫማ፣ 3.0 ሜትር፣ 1.6 ፋዘም።

ከ* ምልክት በኋላ ሁለት አኃዝ ያለው የማረጋገጫ ቁጥር ይከተላል። ይህ ቁጥር የሚገኘው በ$ እና በ* መካከል ያሉትን ፊደላት ሁሉ በተራ «ኤክስ-ኦር» በተባለው የሎጂክ ስሌት በማጣመር ነው። ስሌቱ ሁለት ቢቶች ሲመሳሰሉ 0፣ ሲለያዩ 1 ይሰጣል። ለምሳሌ «ኤ» የተባለው ፊደል 1000001፣ «ቢ» ደግሞ 1000010 ነው፤ ሲጣመሩ 0000011 ይሆናሉ። አድማጩ ስሌቱን ራሱ ሠርቶ ውጤቱ ካልገጠመለት መልእክቱን ይጥላል።

ይሁን እንጂ የዚህ ዘዴ አቅም ውስን ነው። በሁለት ፊደላት ላይ ያው አንድ ቢት ቢበላሽ ስሕተቶቹ ይጣፋሉ። ከሁሉ በላይ የማረጋገጫው ቁጥር መልእክቱ በመንገድ አለመበላሸቱን እንጂ፣ የተነገረው ነገር እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። የ«ሮያል ማጀስቲ» መልእክቶች ሳይበላሹ ደርሰዋል፤ የተሳሳተው ይዘታቸው ነው።

ሽቦውን ማገናኘት

የአሮጌ መሣሪያዎች ሽቦ ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ በቀለም መገመት ሳይሆን መመሪያውን ማንበብ ይገባል። የኋለኛዎቹ መሣሪያዎች ምልክቱን የሚልኩት በሁለት ሽቦዎች መካከል ባለው የቮልቴጅ ልዩነት ሲሆን፣ ሽቦዎቹ «ኤ» እና «ቢ» ይባላሉ። የውጭ የኤሌክትሪክ ሁካታ ሁለቱን ሽቦዎች በእኩል ስለሚነካቸው ልዩነቱ ብዙም አይለወጥም። ቀደምቶቹ ግን ምልክቱን በአንድ ሽቦ ልከው ሌላውን ከመሬት መሥመር ጋር ያገናኙታል።

አሮጌው ባለ አንድ ሽቦ ተናጋሪ፣ አዲሱ ባለ ሁለት ሽቦ አድማጭ ሲሆን፣ የምልክቱ ሽቦ ከ«ኤ»፣ የመሬቱ ሽቦ ከ«ቢ» ጋር ይገናኛል። ነገሩ ሲገለበጥ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ባለ ሁለት ሽቦ ተናጋሪ ባለ አንድ ሽቦ አድማጭን ሲያናግር፣ «ኤ» ከአድማጩ መግቢያ ጋር ይገናኛል፤ መሬት ከመሬት ጋር ይያያዛል፤ «ቢ» ግን ምንም ሳይነካ ይቀራል። «ቢ»ን ከመሬት ጋር ማሠር የተናጋሪውን የመውጫ ዑደት ሊያቃጥለው ይችላል።

ሁለት ተናጋሪዎችን በአንድ ጥንድ ላይ ማገናኘትም አይቻልም። በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ድምፃቸው ይደበላለቃል። በዚህ ጊዜ መልእክቶችን ተቀብሎ በተራ የሚያስተላልፍ መልቲፕሌክሰር ያስፈልጋል።

ወደ አዲሱ መረብ መሻገር

አዲሱ ማሳያ የሚቀበለው የጋራውን መረብ ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ በመካከል አስተርጓሚ መሣሪያ ይገባል። አስተርጓሚው የጥልቀቱን መልእክት አንብቦ፣ ቁጥሩን በአንድ መቶኛ ሜትር ለክቶ፣ 128267 የሚል መለያ ባለው መልእክት ወደ መረቡ ይልከዋል።

የመረቡ ዋና መሥመር በሁለቱም ጫፎች ባለ 120 ኦም ተርሚኔተር ሊኖረው ይገባል። ይህ ካልሆነ ምልክቱ ከጫፉ ተመልሶ እንደ ገደል ማሚቶ ቀጣዩን ይረብሸዋል። መፈተሻው ቀላል ነው፤ ኃይሉን አጥፍተን በሁለቱ የመረጃ ሽቦዎች መካከል ስንለካ 60 ኦም ያህል ማግኘት አለብን። 120 ኦም ካገኘን አንደኛው ተርሚኔተር ጎድሏል ማለት ነው።

ቁጥሩ ደርሶ ትርጉሙ ሲሳሳት

ዋናው አደጋ ማሳያው ላይ ቁጥር ከታየ በኋላ ይጀምራል። ሦስት ምሳሌዎችን እናንሣ።

አንደኛው የጥልቀት መነሻ ነው። ትራንስዱሰሩ ከውኃው ወለል 0.5 ሜትር በታች፣ የጀልባዋ ግርጌ ደግሞ 2.0 ሜትር በታች ነው እንበል። አሮጌው መለኪያ 1.5 ሜትር እንዲቀንስ ተስተካክሎ፣ በራሱ ሰሌዳ ላይ ከግርጌው በታች ያለውን 1.5 ሜትር ያሳያል። በሽቦው የሚልከው ግን ያልተቀነሰውን 3.0 ሜትር ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በአሮጌው ልማድ ካነበበ፣ ያለው ውኃ ግማሽ ሆኖ ሳለ ሙሉ ይመስለዋል።

ሁለተኛው የካርታ መነሻ ነው። የዛሬ ማሳያዎች ደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 የተባለውን የምድር ሞዴል ይጠቀማሉ፤ አሮጌ መቀበያ ግን በሌላ ሞዴል ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። በሀገራችን ለካርታ ሥራ ሲያገለግል የኖረው አዲንዳን የተሰኘው መነሻ ከደብሊው.ጂ.ኤስ. 84 ጋር ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት አለው። በየብስ ላይ ለመንገደኛ ይህ ብዙ ላይመስል ይችላል፤ በጠባብ የወደብ መግቢያ ግን ዐለትና ጥልቅ ውኃን ያለያያል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች የሳምንቱን ቁጥር በመጀመሪያ የነደፉት በ10 ቢት ስለነበር፣ ቆጠራው ከ1,024 ሳምንታት በኋላ ወደ 0 ይመለሳል። ይህ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1999 እና በአፕሪል 2019 ሆኗል። ለዚህ ያልተዘጋጀ አሮጌ መቀበያ ቦታውን በትክክል እየተናገረ፣ ቀኑን ግን 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል።

ማጠቃለያ

እንግዲህ አንድን አሮጌ መሣሪያ ስናገናኝ በቅደም ተከተል አራት ጥያቄዎችን እንጠይቅ፦ ቮልቴጁ ይስማማልን? ፍጥነቱ እኩል ነውን? መልእክቱ ይታወቃልን? ቁጥሩስ የሚለካው ከየት ተነሥቶ ነው? የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን መሣሪያዎቹ ራሳቸው ይመልሷቸዋል፤ ካልተስማሙ ማሳያው ባዶ ይሆናልና። አራተኛውን ግን የሚመልሰው ሰው ነው። በገመድ ላይ ክብደት አሥሮ ጥልቀቱን በመለካት፣ ወይም ቦታው በሚታወቅ ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ንባቡን በማመሳከር ሊረጋገጥ ይችላል።

መልመጃ

1. 60 ፊደላት ያለው መልእክት በሴኮንድ 4,800 ቢት ፍጥነት ለማለፍ ስንት ሴኮንድ ይወስዳል?

2. ትራንስዱሰሩ ከውኃው ወለል 0.4 ሜትር፣ የጀልባዋ ግርጌ 1.8 ሜትር በታች ቢሆን፣ ከትራንስዱሰሩ በታች 3.0 ሜትር ሲነበብ ከግርጌው በታች ምን ያህል ውኃ አለ?

መልስ፦ 1. 0.125 ሴኮንድ፤ 2. 1.6 ሜትር።