ውሃው እኩል እስኪሆን

የእህቴ ልጅ፣

እሑድ ደውለህ «ጋሼ፣ ለአንድ ሳምንት ጀልባ ተከራየን፤ መንጃ ፈቃድ እንኳ አይጠይቁም» ብለህ ስትስቅ እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። 18 ሜትር ርዝመትና 15 ቶን ክብደት ያለው ብረት ለአራት ጎረምሶች ሊሰጥ ነው! ከዚያ ደግሞ ዌልስ ወርደህ ታሊሊን በሚባለው አሮጌ ባቡር ላይ በነፃ ልታገለግል ተመዝግበሃል። ሁለቱንም ሥራ ጥቂት ጥቂት አውቃቸዋለሁ። ጀልባውን በርሚንግሃም አካባቢ 20 ዓመት ኖሬበታለሁ፤ የባቡሩን ደግሞ ድሬዳዋ አቴሊዬ በሚባለው የባቡር መጠገኛ ውስጥ ቦይለር ሲጠግን ካረጀው አያትህ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ይህን ጽፌልሃለሁ። ለጓደኞችህም አንብብላቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ቆጠራ ናቸው።

1. በቦዩ ላይ የሚፈቀደው ትልቁ ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል፣ ማለትም 6.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጠን ያለ እግረኛ ይቀድምሃል። ብዙ ቦታ ላይ ግን እሱም ይበዛል። ዞር ብለህ ኋላህን እይ፤ ከጀልባህ የሚነሳው ማዕበል ዳሩን እየመታ ከተሰበረ ፈጥነሃል። ቦዩ ጥልቀት የለውም፤ ሞተሩን ባስጮህከው ቁጥር የጀልባው ጭራ ወደ ጭቃው ይወርዳል እንጂ በመንገዱ የምታተርፈው የለም። ዳር ታስረው በቆሙ ጀልባዎች አጠገብ ስታልፍ ደግሞ ይበልጥ ዝግ በል፤ የአንተ ማዕበል የእነሱን ገመድ ይጎትታል። እኔ ይህን ሳላውቅ ሳልፍ፣ አንዲት ባልቴት በመስኮት ብቅ ብለው የሻይ ኩባያቸውን ገልብጠው አሳዩኝ። ባዶ ነበር። ሻዩ ምንጣፋቸው ላይ ፈስሷል። ምንም አልተናገሩኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

2. መሪው ከኋላ ቆመህ የምትይዘው ረጅም ዘንግ ነው። ወደ ግራ ስትገፋው ጀልባው ወደ ቀኝ ይዞራል። ግማሽ ቀን ትሳሳትና እጅህ ይለምደዋል። አስቸጋሪው ሌላ ነው፦ ጀልባው የሚዞረው በወገቡ ስለሆነ አፍንጫው ወደ ቀኝ ሲሄድ ጭራው ወደ ግራ ይወጣል። ፍሬን የለውም፤ የሚቆመው ፕሮፔለሩን ወደኋላ በማዞር ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሪው አይታዘዝህም። ሌላ ጀልባ ፊት ለፊት ከመጣ ቀኝህን ያዝ። እዚህ አገር መኪናው ግራውን ይዞ ቢሄድም፣ ጀልባው እንደ አዲስ አበባ መኪና ቀኙን ነው የሚይዘው። እኔ በሁለተኛው ቀን ቀኜን ያዝኩ ብዬ አኻያ ዛፍ ሥር ገባሁና የምድጃውን ጭስ ማውጫ ከጣሪያው ላይ ጠርጌ ቦዩ ውስጥ ከተትኩት። አከራዮቹ ዋጋውን ከመያዣዬ ቆረጡ፤ አልተከራከርኩም።

3. አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሎክ ልምጣ። ሎክ ጀልባን ከአንዱ የውሃ ከፍታ ወደ ሌላው የሚያወጣና የሚያወርድ፣ በሁለት ጫፉ በር ያለው የድንጋይ ጉድጓድ ነው። በጠባቦቹ ቦዮች ላይ ስፋቱ 2.13 ሜትር ገደማ ነው፤ የጀልባህ ስፋት 2.08። በየጎኑ የሚቀረው ክፍተት ጣት ቢያስገባ ነው። እጅህን በጀልባውና በግድግዳው መካከል አታስገባ፤ እግርህንም ለመግፋት አትዘርጋ።

ውሃውን የሚያስገቡና የሚያስወጡ መዝጊያዎች አሉ፤ ፓድል ይሏቸዋል። የሚከፈቱት ዊንድላስ በሚባል በእጅ በሚዞር የብረት ቁልፍ ነው። ከፍተህ ስትጨርስ ዊንድላሱን ነቅለህ ያዝ። ሰክተኸው ከሄድክና ጥርሱን የያዘው ማገጃ ካመለጠ እንደ አውሮፕላን ፕሮፔለር ይሽከረከራል፤ ከዚያም ይወረወራል። ጉንጬ ላይ ያለውን ጠባሳ ልጅ ሆነህ «ከጦርነት ነው?» ትለኝ ነበር፤ እናትህን ጠይቃት።

ስትወርዱ አደጋው ከኋላችሁ ነው። ከላይኛው በር ሥር እንደ ቤት ደፍ ወደ ውስጥ የወጣ ድንጋይ አለ። ሎኩ ሙሉ ሲሆን ውሃ ስለሚሸፍነው አይታይም። ውሃው ሲሸሽ የጀልባው ጭራ ደፉ ላይ ከቀረ አፍንጫው ብቻውን መውረዱን ይቀጥላል፤ ጀልባው ይዘነበልና በደቂቃዎች ውስጥ ይሰምጣል። ሎኩ ዳር ላይ ነጭ ምልክት የተቀባው ለዚህ ነው፤ መላው ጀልባ ከምልክቱ ወደፊት ይሁን። ገመድም ጠፍራችሁ አትሰሩ፤ ውሃው ሲወርድ የታሰረ ጀልባ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስትወጡ ደግሞ ዓይናችሁ አፍንጫው ላይ ይሁን፤ በሩ ላይ ካለ እንጨት ሥር ገብቶ እንዳይያዝ። ከአራታችሁ አንዱ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጀልባውን ብቻ ይመልከት። የሆነ ነገር ካላማረው «ዝጉ!» ብሎ ይጩህ፤ የቀራችሁት መጀመሪያ ዝጉ፣ ለምን እንደጮኸ በኋላ ጠይቁት።

በሩን በተመለከተ፦ በሁለቱም በኩል ያለው ውሃ እኩል ካልሆነ አይከፈትም። የአንድ ስንዝር ልዩነት ብቻ በበሩ ላይ የብዙ መቶ ኪሎ ጫና ያሳርፋል። ጓደኞችህ ጉልበት አለን ብለው ጀርባቸውን ሰጥተው ይገፋሉ፤ የአንገታቸው ሥር ይገታተራል። ተዋቸው። አንተ ምሰሶው ላይ ተደግፈህ ጠብቅ። ውሃው እኩል ሲሆን በሩ ራሱ ትንሽ ይነቃነቃል፤ ያን ጊዜ በዝግታ ብትገፋው ይሄድልሃል። እኔ በዚህ አገር ካየሁት ሁሉ የምወደው ይህችን ቅጽበት ነው።

በምትሄዱበት በላንጎለን ቦይ ላይ፣ ግሪንድሊ ብሩክ የሚባል ስፍራ ሦስት ሎኮች እንደ ደረጃ ተያይዘዋል፤ የአንዱ ላይኛ በር ለቀጣዩ ታችኛ በር ነው። በበጋ ጠባቂ አለ። እሱን ሳትጠይቁ አንድም ፓድል እንዳትነኩ።

4. ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳትህ በፊት ዘይቱን ለካ። ማታ ደግሞ የፕሮፔለሩ ዘንግ ከጀልባው በሚወጣበት ቦታ ያለውን የግሪስ መጭመቂያ ትንሽ አዙር፤ ያ ቦታ ውሃ ለማስገባት ሁልጊዜ ሰበብ ይፈልጋል። ጀልባው ድንገት ከተንቀጠቀጠ ወይም አልሄድ ካለ ፕሮፔለሩ ላይ ነገር ተጠምጥሟል። ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ነቅለህ ኪስህ ክተት፣ ከዚያ ከኋላው ወለል ሥር ያለውን ክዳን ከፍተህ እጅህን ስደድ። እኔ በርሚንግሃም ውስጥ በዚህ መንገድ መጋረጃ፣ የብስክሌት ካላማዳሪና አንድ ሙሉ የሙሽራ ቬሎ አውጥቻለሁ። የቬሎውን ታሪክ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ክዳኑን ግን አጥብቀህ መልስ፤ ከላላ ፕሮፔለሩ ሲዞር ውሃውን በዚያ እያነሳ ወደ ውስጥ ይጨምረዋል።

5. ሽንት ቤቱ እንዴት እንደሚደፋ በመጀመሪያው ቀን ተማሩ፤ ተራም አውጡ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

6. ፖንትከሲልቴ ላይ ስትደርሱ ማንም ጣሪያ ላይ አይቀመጥ። ቶማስ ቴልፎርድና ዊልያም ጄሶፕ ሠርተውት በ1805 የተከፈተ፣ ቦዩን በዲ ወንዝ ሸለቆ ላይ የሚያሻግር ድልድይ ነው፤ 307 ሜትር ይረዝማል፣ ከፍታው 38 ሜትር ይሆናል። ውሃው የሚሄደው በብረት ገንዳ ውስጥ ነው። በአንዱ በኩል መሄጃና አጥር አለው። በሌላው በኩል ምንም የለም፤ የገንዳው ከንፈር ነው፣ ከዚያ ወዲያ አየር። ከመግባታችሁ በፊት ከወዲያ የሚመጣ ጀልባ አለመኖሩን እዩ፤ መሐል ላይ መተላለፍ አይቻልም። እኔ ጀግና ነኝ ብዬ ጀምሬ መሐሉ ላይ ስደርስ ጉልበቴ ከዳኝና ተንበርክኬ ነው የነዳሁት። ከአጥሩ ወዲያ የሚሄዱ ቱሪስቶች የምጸልይ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሐሰትም አልነበረም።

7. ይህን ደግሞ ለምክር ሳይሆን ለጨዋታ ያዘው። የምትነዳው ጀልባና የምትሠራበት ባቡር የአንድ ሰው ባለዕዳዎች ናቸው። ቶም ሮልት የሚባል መሐንዲስ ክረሲ የተባለች የእንጨት ጀልባውን ቤት አድርጎ በ1939 በቦዮቹ ላይ መዞር ጀመረ። ቦዮቹ ያን ጊዜ እየሞቱ ነበር። መጀመሪያ ንግዳቸውን ባቡር ወሰደባቸው፣ ቀጥሎ የጭነት መኪና የተረፈውን ወሰደ። ያየውን ጽፎ በ1944 አሳተመ። መጽሐፉን ያነበበው ሮበርት ኤክማን ታርዴቢግ ድረስ መጥቶ አገኘውና በ1946 የውሃ መንገዶቹን የሚታደግ ማኅበር መሠረቱ። ታርዴቢግ ማለት 30 ሎኮች ተከታትለው ኮረብታ የሚወጡበት ቦታ ነው፤ አንድ ቀን እወስድሃለሁ፤ በማግስቱ ክንድህ አይነሳም።

ያው ሮልት በ1950 በርሚንግሃም ውስጥ ሰው ሰበሰበና «ታሊሊንን እኛው እንንዳው» አለ። ባለቤቱ ሞቶ ባቡሩ ሊዘጋ ነበር። ከ1860ዎቹ ጀምሮ ጥቁር የጣሪያ ድንጋይ ከተራራ ያወርድ የነበረ ትንሽ መስመር ነው። የሚሠራ ሎኮሞቲቭ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፣ በ1866 የተሠራችው ዶልጎኽ። እንጨቶቹ በስብሰው ሀዲዱን አቅፎ የያዘው የበቀለበት ሣር ነበር ይባላል። በ1951 የበጎ ፈቃድ ሠራተኞች ባቡሩን አስነሱት፤ በዓለም ላይ እንዲህ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ተርፎ የሄደ የመጀመሪያው ባቡር እሱ ነው። እኔን የሚገርመኝ አሳቡ አይደለም፤ አሳብ ማንም አያጣም። በሚቀጥለው ቅዳሜም፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሣሩን ሊነቅሉ መምጣታቸው ነው።

8. ስለዚህ እዚያ ስትደርስ ሎኮሞቲቭ አስነዱኝ እንዳትል። መጀመሪያ ጨርቅ ይሰጡሃል። ማጽዳት ነው ሥራህ፤ ቀጥሎ፣ ፈተናውን ካለፍክ፣ እሳቱን መያዝ፤ መንዳት ዓመታት ይፈጃል። ጨርቁን አትናቅ፤ ስንጥቅን መጀመሪያ የሚያየው የሚያጸዳው ሰው ነው።

እሳቱን የያዝክ ቀን የድንጋይ ከሰሉን በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ጨምር፤ አካፋ ሙሉ ከቆለልክበት ታፍኖ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ቀዝቃዛ ቦይለር ደግሞ አይጣደፍም። በችኮላ ከሞቀ ብረቱ እኩል አይሰፋም፣ መጋጠሚያዎቹ ያለቅሳሉ። ለዚህ ነው እሳት የሚለኩሰው ሰው ገና ጎህ ሳይቀድ የሚነሳው። ሎኮሞቲቩ ሲነሳም ከሲሊንደሮቹ ሥር ያሉት ቧንቧዎች ተከፍተው የተጠራቀመውን ውሃ ያስወጣሉ፤ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ውሃ ግን አይጨመቅም፤ መውጫ ካጣ ብረቱን ይሰብራል።

ከሁሉ በላይ ግን የውሃ መለኪያ መስተዋቱ ነው። አያትህ ሎኮሞቲቭ ላይ ሲወጣ መስተዋቱን ሳያይ ሰላም አይልም ነበር አሉ፤ ፈረንሳዩ አለቃ እንኳ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀዋል። ምክንያቱም ከእሳቱ ቤት ጣሪያ በላይ ሁልጊዜ ውሃ መኖር አለበት። ውሃው ጎድሎ ጣሪያው ራቁቱን ከቀረ ብረቱ ይለሰልስና ቦይለሩ ይፈነዳል። ጣሪያው ላይ ልባቸው እርሳስ የሆነ ብሎኖች አሉ፤ እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱ እሳቱ ላይ ሲጮህ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ያን ድምፅ የሰማ ሰው ሥራውን ሳያጣ አይቀርም፤ አያትህ እንዲህ ነበር የሚለው።

9. በአንድ ሀዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ነጂው የዚያን መንገድ ምልክት በእጁ ሳይይዝ አይንቀሳቀስም። ምልክቱ አንድ ነው፤ የያዘው ያልፋል፣ ያልያዘው ይቆማል። «አይቼዋለሁ»፣ «ነግረውኛል» የሚባል ነገር የለም። ባቡር ጠባቂ ካደረጉህ ደግሞ ባንዲራውን ከማውለብለብህ በፊት ሰው ቁጠር። የልጆቹን የቶማስን ባቡር ተረቶች የጻፉት ቄስ ኦድሪ እዚያው ታሊሊን ላይ በበጎ ፈቃድ ጠባቂ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ሻይና ምግብ የምትሸጠውን ሴትዮ ጣቢያ ላይ ትተው ባቡሩን አስነስተዋል። በኋላ ተረት አደረጉት። አንተ ተረት ጸሐፊ ስላልሆንክ ቁጠር።

10. ከየት እንደመጣህ ይጠይቁሃል፤ ስለ ምድር ባቡራችን ንገራቸው፣ ግን አትኩራራ። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰ፣ ከጅቡቲ ይነሳ የነበረ 780 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር፤ የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። የእነሱ 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ስፋቱም 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ መሆኗን፣ ለገሃር የምንለው ቃል ከፈረንሳይኛው ላ ጋር መምጣቱን ንገራቸው፤ ይወዱታል።

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ «የድሮዎቹ ሎኮሞቲቮች የት አሉ?» ማለቱ አይቀርም። አቴሊዬው ግቢ ውስጥ የቆሙት የእኛ ማሽኖች ዶልጎኽ በ1950 ከነበረችበት የባሱ አይመስሉኝም፤ ባለሙያ አይደለሁም፣ የአያትህ ልጅ ብቻ ነኝ። እኔ ይህን ጥያቄ ስጠየቅ መልስ አጥቼ ወሬ እለውጣለሁ። አንተ ግን ወሬ አትለውጥ። ጨርቁን ይዘህ መጋጠሚያው እንዴት እንደሚፈታ፣ ዘይቱ የት የት እንደሚገባ እየጠየቅህ ደብተር ላይ ጻፍ፤ በአማርኛ ጻፈው።

11. የመጨረሻው የቡና ነገር ነው፤ እናትህ ጀበናና እጣን እንዳሸከመችህ አውቃለሁ። ጀልባ ውስጥ ከሰል አታያይዙ። መስኮት ከፍተናል አትበሉ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። የጋዝ ማስጠንቀቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ መጮሁን ሳታረጋግጡ አትደሩ። ቡናውን በጋዙ ምድጃ አፍሉ። መቁላት ካማራችሁ ውጭ፣ ዳር ላይ ቁሉት። እኔ አንድ ጊዜ ውስጥ ቆልቼ የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ ሁለት እንግሊዞች ባልዲ ይዘው መጡ፤ ባልዲያቸውን አስቀምጠው ሦስተኛውን ቡና ጠጥተው ሄዱ። ጀበናውን ግን ሎክ ከመግባታችሁ በፊት ከመደርደሪያው አውርዳችሁ ወለል ላይ አስቀምጡት፤ የእኔ አፉ የተሸረፈው በዚያ ነው።

አጎትህ