ሰው ሠራሽ ጥርስ እስኪለመድ

የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብተው ምራቅዎ ቢበዛ፣ ንግግርዎ ቢኮላተፍ ወይም ድድዎ ቢቆጠቁጥዎ አይደንግጡ፡፡ አፍ አዲሱን ጥርስ ለመልመድ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል፡፡ በዚህ ጊዜ ተማርረው ጥርሱን ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች ሥጋና አትክልት ማኘክ ስለማይችሉ ሰውነታቸው ይጎዳል፡፡

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ገንፎ፣ ሽሮና እንቁላል ያሉ ለስላሳ ምግቦችን ይመገቡ፡፡ በትንሽ በትንሹ እየጎረሱ በሁለቱም ጎን ያኝኩ፤ ቆሎ ይቆይ፡፡ ንግግርዎ እንዲፍታታ ጮክ ብለው ያንብቡ፡፡ ማታ አውልቀው በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡትና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ያሳድሩት፤ የፈላ ውኃ ቅርጹን ያጣምመዋል፡፡

ድድዎ ከቆሰለ ጥርሱን በራስዎ አይሞርዱ፤ ሐኪሙ ያስተካክለው፡፡ ከቀጠሮው በፊት ጥቂት ሰዓታት አድርገውት ቢቆዩ የሚጎዳዎት ቦታ በግልጽ ይታያል፡፡

ከጥርሱ ሥር የሚታይ መቅላትና ማቃጠል ብዙውን ጊዜ ጥርሱ ሳይወልቅ ሲያድር ከሚራባ ፈንገስ ነው፡፡ አልፎ አልፎ ግን ከአክሪሊኩ ወይም ኒኬል ካለበት ብረት የሚነሳ አለርጂ ሊሆን ይችላል፡፡ ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረዎት ወዲያውኑ አውልቀው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፡፡ በ2 ሳምንት ያልዳነ ቁስልንም ሳይዘናጉ ያስመርምሩ፡፡