የማይጸና ኃይል፦ «ኬቭ ስቶሪ» በተሰኘው የኮምፒውተር ጨዋታ የመሣሪያ ሥርዓት ላይ የቀረበ አጭር ትንታኔ

እየሮጡና እየዘለሉ የሚተኮስባቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች ማራኪነት ብዙውን ጊዜ ከፍጥነትና ከተኩስ ብዛት ጋር ይያያዛል። ጃፓናዊው ዳይሱኬ አማያ ለ5 ዓመታት ያህል ብቻውን ሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. በነጻ ያሠራጨው «ኬቭ ስቶሪ» ግን ሌላ ማብራሪያ ይሻል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ ጨዋታው ማራኪ የሆነው ኃይልን ቋሚ ሀብት ሳይሆን ተጠንቅቀው የሚይዙት አደራ በማድረጉ ነው የሚል ነው።

የጨዋታው አሠራር ይህን ያስረዳል። ጠላት ሲሸነፍ ቢጫ ባለሦስት ማዕዘን ቅንጣቶችን ይጥላል፤ ተጫዋቹ ሲሰበስባቸው በእጁ ያለው መሣሪያ እስከ ሦስተኛ ደረጃ ያድጋል። ተጫዋቹ ሲመታ ግን ከሕይወቱ በተጨማሪ መሣሪያው ያከማቸው ኃይል ይቀንሳል። ቅንጣቶቹ ጥቂት ቆይተው ስለሚጠፉም፣ እነሱን ለማግኘት ወደ አደጋው መቅረብ ግድ ይላል። በዚህም ማጥቃትና ራስን መጠበቅ የአንድ ውሳኔ ሁለት ገጽታዎች ይሆናሉ።

ይኸው ሐሳብ በታሪኩም ይንጸባረቃል። «ፖላር ስታር» የተባለው የመጀመሪያው ሽጉጥ፣ መሣሪያ ሠሪው ተኝቶ ሳለ ያለፈቃዱ የሚወሰድ ነው። ተጫዋቹ በመንገዱ ላይ ፈጥኖ በሚተኩስ መሣሪያ ሊለውጠው ይችላል፤ ጠብቆ አቆይቶ ወደ ባለቤቱ ቢመለስ ግን ሠሪው አሻሽሎ ይሰጠዋል። ጨዋታው ይህን አስቀድሞ ስለማይገልጽ፣ ምርጫው ስሌት ከመሆን ይልቅ የምግባር ፈተና ይሆናል።

ስለሆነም በጥቂት ሰዎች የሚሠሩ ጨዋታዎችን የሚመለከት ጥናት በሥዕላቸው ውበት ሳይወሰን፣ ደንቦቻቸው ትርጉም የሚፈጥሩበትን መንገድ መመርመር ይገባዋል።