የኮምፒዩተር ሰሌዳና የመጫወቻ መኪና

ጓደኞቻችን ሆይ፥ «ይህ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው» እያልን እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ከዳር መቆማችን ተገቢ አይደለም። አርዱይኖ የተባለው አነስተኛ የኮምፒዩተር ሰሌዳ በ2005 እ.ኤ.አ. በኢጣሊያ፥ በኢቭሪያ ከተማ የተጀመረው መሐንዲስ ላልሆኑ ተማሪዎችም ጭምር ታስቦ ነውና።

ሰሌዳው የመጫወቻ መኪናን እንዲነዳ የሬዲዮውን ምሥጢር ማወቅ አያሻውም፤ እርሱን መቈጣጠሪያው ያውቀዋል። የሰሌዳው ተግባር በጣት ፈንታ ቁልፉን መጫን፥ ይኸውም ሁለት የብረት ነጥቦችን ማገናኘት ብቻ ነው።

ነገር ግን ሽቦውን በቀጥታ መቀጠል አደገኛ ነው። ኡኖ የተባለው ሰሌዳ 5 ቮልት ያወጣል፤ በሁለት ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ መቈጣጠሪያ ግን የለመደው 3 ቮልት ስለ ሆነ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በመካከላቸው ኦፕቶካፕለር የሚባል አማላጅ ይግባ። በውስጡ ትንሽ መብራትና ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ትራንዚስተር አሉ፤ ትእዛዙ በብርሃን ይሻገራል እንጂ የሁለቱ ወገን ኤሌክትሪክ አይነካካም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፤

፩ኛ/ ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ ኦፕቶካፕለር ይዘጋጅ።

፪ኛ/ ከሰሌዳው እግር የሚወጣው ሽቦ በ330 ኦም ሬዚስተር አልፎ ወደ መብራቱ ይግባ፤ ከዚያም ወደ ሰሌዳው ኔጋቲቭ ይመለስ። በዚህ መንገድ የሚያልፈው 12 ሚሊ አምፔር ያህል ስለ ሆነ ሰሌዳው አይጎዳም።

፫ኛ/ የትራንዚስተሩ ሁለት እግሮች በቁልፉ ሁለት ነጥቦች ላይ ይበየዱ። ኮሌክተር የሚባለው እግር ቮልቱ ከፍ ባለበት ነጥብ ይሁን፤ የትኛው እንደ ሆነ አስቀድሞ በቮልት መለኪያ ይታያል።

፬ኛ/ ፕሮግራሙ «ሂድ» ካለ በኋላ «ቁም» ማለትን አይርሳ፤ ቁልፉ ካልተለቀቀ መኪናው ግድግዳ እስኪመታ ይሮጣልና።

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፥ ዕቃን ገዝቶ ከመጠቀም ይልቅ ከፍቶ መመርመር ይበልጣል፤ ሳይለኩ መቀጠል ግን ዕቃን ከማጥፋት በቀር የሚያስተምረው ነገር የለም።