በቅሎ ለምን አትወልድም? ስለ ሕዋስ መከፋፈል

ስለ ሕዋስ መከፋፈል ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ የሚለው ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን ሸምድደን ፈተና አልፈንበታል። ነገ ክፍል ስንገባ ግን ተማሪው የሚጠይቀን ስሙን ሳይሆን ምክንያቱን ነው። ማይቶሲስ ካለ ሜዮሲስ ለምን አስፈለገ? አንዱ አይበቃም ነበር ወይ? ማይክሮስኮፕ በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ ይህን ጥያቄ የምታስረዳልን አንዲት እንስሳ አለች። እሷም በቅሎ ናት።

እንደሚታወቀው የበቅሎ እናት ባዝራ ስትሆን አባቷ አህያ ነው። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው አለች» እየተባለ ይቀለድባታል። በሥነ ሕይወት ረገድ ግን አልዋሸችም፤ የእናቷ ወንድም ፈረስ ነው እኮ! ይህች እንስሳ ጤነኛ ናት። ትጫናለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ኮርቻ ያቆሰለው ጀርባዋ ይድናል፣ ሰኮናዋም ያድጋል። ነገር ግን አትወልድም። ስለዚህ በአካሏ ውስጥ አንደኛው የመከፋፈል ዓይነት በደንብ ሲሠራ ሁለተኛው ይሰናከላል ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከሥሩ እንነሣ።

ለመሆኑ ሕዋስ ለምን ይከፋፈላል? ዝም ብሎ ቢተልቅስ ምን ነበረበት? ከጭቃ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ እንሥራ። የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ይዘቱ ደግሞ 1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጎኑን 2 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው ገጹ 24፣ ይዘቱ 8 ይሆናል። ይዘቱ ስምንት እጥፍ ሲያድግ ገጹ ያደገው አራት እጥፍ ብቻ ነው። ሕዋስ ምግብና ኦክሲጅን የሚያስገባው፣ ቆሻሻውንም የሚያስወጣው በገጹ በኩል ነው። ቤተሰቡ ስምንት እጥፍ በዝቶ በሩ አራት እጥፍ ብቻ ቢሰፋ መጨናነቁ አይቀርም። ስለዚህ ሕዋሱ ለሁለት ይከፈላል። ጭቃ የትም አለ፤ ይህን መርጃ መሣሪያ ለመሥራት በጀት አያስፈልግም።

ከዚህ ሌላ የሞተውን መተካት አለ። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ብቻ ስለሚኖር፣ የአጥንት መቅኒያችን በያንዳንዱ ሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዳዲስ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል። የነርቭ ሕዋሳት ግን ካደጉ በኋላ ከሞላ ጎደል አይከፋፈሉም። የተቆረጠ ቆዳ ሲድን የተጎዳ ሕብለ ሰረሰር እንደዚያ የማይድንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ልጓሙን በጥሶ ያለ ማቋረጥ የሚከፋፈል ሕዋስ ደሞ ካንሰር ይሆናል።

ማንኛውም ሕዋስ ከሌላ ሕዋስ እንደሚገኝ ሩዶልፍ ፊርቾ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 አስታውቆ ነበር። እንዴት እንደሚሆን በዝርዝር አይቶ የጻፈው ግን ቫልተር ፍሌሚንግ ነው። የሳላማንደር እጮችን ሕዋስ ቀለም እየነከረ በማይክሮስኮፕ ተመለከተና ክር የሚመስሉ ነገሮች ሲሰነጠቁ አየ። ማይቶሲስ የሚለውንም ስም ክር ከሚለው የግሪክ ቃል አወጣ፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። እነዚያ ክሮች ዛሬ ክሮሞሶም የምንላቸው ናቸው።

በማይቶሲስ ጊዜ ምን ይሆናል መሰላችሁ? አስቀድሞ በክሮሞሶሙ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ይገለበጣል። አንዱ ክሮሞሶም ወገባቸው ላይ የተያያዙ ሁለት መንትያ ክሮች ይሆናል። ከዚያ ክሮቹ ተጠቅልለው ያጥራሉ፣ ይወፍራሉ፤ በሕዋሱ መካከል ይሰለፋሉ። ከሁለቱ ጫፎች የሚመጡ ቀጫጭን ክሮች መንትዮቹን ለያይተው አንዱን ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይጎትታሉ። የእነዚህ ጎታች ክሮች አቀማመጥ መሐሉ ሰፋ፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ በመሆኑ የእንዝርት ክሮች ይባላሉ። በመጨረሻም ሕዋሱ ራሱ ለሁለት ይከፈላል። የእንስሳው መሐሉ ላይ እየጠበበ ይቆረጣል፤ የዕፅዋቱ አዲስ ግድግዳ ይሠራል። ሁለቱም አዳዲስ ሕዋሳት ከእናት ሕዋሱ ጋር እኩል ክሮሞሶም አላቸው፤ ሽንኩርት 16፣ ጤፍ 40፣ ሰው 46። ማየት ለሚፈልግ ሽንኩርት ውሃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጦ ጥቂት ቀን መጠበቅ ነው። መከፋፈሉ የሚበዛው በአዲሱ ሥር ጫፍ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንያዝ። በማይቶሲስ እያንዳንዱ ክሮሞሶም ለብቻው ይገለበጣል፣ ለብቻው ይሰነጠቃል። ጓደኛ አይፈልግም። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም አላቸው። በቅሎ ከእናቷ 32፣ ከአባቷ 31 ትወስዳለች፤ በድምሩ 63 መሆኑ ነው። ቁጥሩ ጎዶሎ ቢሆንም 63ቱም በየራሳቸው ስለሚሰነጠቁ ምንም ችግር የለም። በቅሎ የምታድገው፣ ቁስሏም የሚድነው በዚህ ነው።

ወደ መውለድ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የሰው የወንዴና የሴቴ ዘር እያንዳንዳቸው 46 ቢይዙ ኖሮ ልጁ 92፣ የልጅ ልጁ 184 እያለ ይቀጥል ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን በግማሽ የሚቀንስ ሌላ መከፋፈል የግድ ነው። ለዚህ ፍንጭ ያገኘው ኤድዋር ቫን ቤነደን የተባለው ቤልጂጋዊ ነው። ከምን አገኘው ቢሉ ከፈረስ ወስፋት! በትሉ እንቁላል 2፣ በወንዴው ዘር 2፣ በተዳቀለው እንቁላል ደግሞ 4 ክሮሞሶም ቆጠረ፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1883 ነበር። ሜዮሲስ የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ትርጉሙም መቀነስ ማለት ነው።

በሜዮሲስ ክሮሞሶሙ የሚገለበጠው አንድ ጊዜ ሲሆን ሕዋሱ የሚከፈለው ሁለት ጊዜ ነው። ዋናው ቁም ነገር ያለው በመጀመሪያው ዙር ላይ ነው። ከእናት የመጣው ክሮሞሶም ከአባት የመጣውን አቻውን ፈልጎ ጎን ለጎን ይጣመራል፤ ቁራጭም ይለዋወጣሉ። ከዚያ አቻና አቻ ይለያያሉ። ሁለተኛው ዙር እንደ ማይቶሲስ መንትያ ክሮችን መለየት ብቻ ነው። ውጤቱ ግማሽ ክሮሞሶም ያላቸው አራት ሕዋሳት ናቸው። በወንድ አራቱም የዘር ሕዋስ ይሆናሉ፤ በሴት ግን አንዱ ብቻ ትልቅ እንቁላል ሲሆን ሌሎቹ ጥቃቅኖቹ ይጠፋሉ። በክፍል ውስጥ ለማሳየት ቀይና ሰማያዊ ክር በተለያየ ርዝመት ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ማጣመር ይበቃል። በሰው 23 ጥንድ ስላለ፣ የቁራጭ መለዋወጡን ሳንቆጥር እንኳ፣ አንድ ሰው 8,388,608 ዓይነት የዘር ሕዋስ ሊያወጣ ይችላል። ወንድማማቾች የማይመሳሰሉት ወደው አይደለም።

አሁን በቅሎዋን እንያት። የፈረሱና የአህያው ክሮሞሶም በአሠራራቸው ስለሚለያዩ በትክክል መጣመር ያቅታቸዋል፤ ሕዋሶቹም አብዛኞቹ እዚያው ላይ ቆመው ይቀራሉ። ብዙ ሰው ምክንያቱ 63 ጎዶሎ ስለሆነ ነው ብሎ ያቆማል። ይህ አይበቃም። ፕርዠቫልስኪ የሚባለው የሞንጎሊያ የዱር ፈረስ 66 ክሮሞሶም አለው፤ ከለማዳው ፈረስ ጋር ተዳቅሎ የሚወለደው 65 ይኖረዋል፣ ሆኖም ይወልዳል። ክሮሞሶሞቹ ስለሚቀራረቡ መጣመር ይችላሉ። በቅሎም ብትሆን እጅግ አልፎ አልፎ ወልዳ ተመዝግቧል። ከሁሉ የሚገርመው ደሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ አይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ከበቅሎ ጽንስ ሕዋስ ተወስዶ በክሎኒንግ አንድ በቅሎ መወለዱ ነው። በባዝራ ማህፀን ያደገ ሲሆን አይዳሆ ጄም ተባለ። ሜዮሲስ የተሰናከለባት እንስሳ በማይቶሲስ ብቻ ተባዛች ማለት ነው።

ይሄ ትምህርት ከበቅሎ አልፎ ሰው ቤት ይገባል። ሴት ልጆችን ብቻ ወለድሽ ተብላ የምትወቀስ፣ አልፎም የምትፈታ እናት አለች። ልጆቿም ነገ እፊታችን ይቀመጣሉ። እናት ሁለት ኤክስ ክሮሞሶም ስላላት በሜዮሲስ የምትሰጠው ያው ኤክስ ነው። አባት ኤክስና ዋይ ስላለው ከዘር ሕዋሶቹ ግማሹ ኤክስ፣ ግማሹ ዋይ ይይዛል። ወንድ ወይም ሴት የሚያሰኘው የደረሰው የአባት ዘር ነው። ታዲያ ወቀሳውን ወደ አባት እንዳናዞረው፤ እሱም አይመርጥም። ተማሪዎቹ ሳንቲም ይዘው ስድስት ስድስት ጊዜ ይወርውሩ፤ አንዱን ገጽ ሴት፣ ሌላውን ወንድ ብለው ይጻፉ። ስድስቱም ሴት የመሆኑ ዕድል ከ64 አንድ ነው። ክፍሉ ስልሳና ሰባ ልጅ ከያዘ፣ ስድስት ሴቶች ብቻ የተወለዱበት «ቤት» እዚያው ክፍል ውስጥ ሳይገኝ አይቀርም፤ ሳንቲሙን የወረወረውን ልጅ ደግሞ ማንም አይወቅሰውም።